የሚያዝያ ፀሐይና የጓሮ አትክልታችሁ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከመጋቢት ወዲህ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት «ፀሐዩ አቃጠለብኝ» በሚል ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ወር ቀኑ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ቢደርስም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እንደ መተማ ሙቀቱ ብቻውን አትክልት የሚያጠፋበት ጊዜ እዚህ ብዙ አይደለም። ጥያቄዎቹን ስናገላብጣቸው ጉዳቱ በአብዛኛው የመጣው ውሃው አንድ ቀን ሞልቶ ሌላ ቀን በመቅረቱ፣ አፈሩም ራቁቱን ፀሐይ ላይ በመዋሉ ነው። መልሶቻችንም ደጋግመው ወደዚሁ ይመለሳሉ።

«ቲማቲሜ በቁመት ደህና ነው፤ አበባም ይዟል። ነገር ግን አበባው ደርቆ ይረግፋል። ከርግፈት የተረፈው ፍሬ ደግሞ ከታች በኩል ይጠቁራል። ዩሪያ ጨመርኩለት፤ ለውጥ የለም። በሽታ ነው? መድኃኒት ልርጭ?» (ከአዘዞ)

በሽታ አይደለም፤ የሚረጭ መድኃኒትም የለውም። የነገሩን ሁለት ችግር ቢሆንም ሁለቱ በአንድ ምክንያት ይገናኛሉ።

መጀመሪያ አበባው። ነገ ጠዋት አንድ አበባ ይምረጡና የተንጠለጠለበትን ቀጭን ዘንግ በቅርብ ይመልከቱ። ዘንጉ መሃል ላይ ትንሽ ያበጠች አንጓ አለች። ተክሉ አበባውን የሚጥለው እዚያች አንጓ ላይ ቆርጦ ነው፤ ሊጥለው ሲል አንጓዋ ቀድማ ቢጫ ትሆናለች። አንጓዋ አረንጓዴ ከሆነች አበባው ገና ተስፋ አለው። ቢጫ ከሆነች ተክሉ ቆርጦለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድነው ነገር የለም።

ለምን ይጥላል? የቲማቲም የአበባ ዱቄት ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲቆይ ይመክናል። የከተማው አየር እዚያ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው፤ ከቆርቆሮ አጥር ሥር ያለው አየር ግን ቀትር ላይ በቀላሉ ያልፈዋል። መደብዎ ከቆርቆሮ አጥር ከአንድ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ከሆነ ቆርቆሮውን ከውስጥ በኩል በጆንያ ወይም በማሽላ አገዳ ይሸፍኑት። ሌላው ዩሪያው ነው። ከዩሪያ ውስጥ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ተክሉ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ቅጠል ያዞራል። አበባ ከያዘ በኋላ መጨመር አበባውን ከማርገፍ በቀር አይጠቅምም፤ ያቁሙት።

የፍሬው ሥር መጥቆር ደግሞ የካልሲየም እጥረት ነው። ካልሲየም ከሥር ወደ ፍሬ የሚሄደው ከውሃ ጋር ብቻ ነው፤ ውሃው በተቋረጠ ቁጥር ከግንዱ በጣም የራቀው የፍሬው ጫፍ ሳይደርሰው ይቀርና ይሞታል። እዚያው ቦታ ላይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠቁሮ፣ ጠፍጥፎና እንደ ቆዳ ደርቆ ይታያል። ስለዚህ ዛሬ የሚያዩት ጥቁረት የዛሬ 15 ቀን የተጠማበት ምልክት ነው። የእንቁላል ቅርፊት አድቅቀው የሚጨምሩ አሉ፤ ቅርፊቱ አፈር ውስጥ ለመሟሟት ወራት ስለሚፈጅ ለዘንድሮ ፍሬ አይደርስም። የአዘዞ ዋልካ (ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) ቢሆንም ካልሲየም አያጣም፤ ያጣው ማጓጓዣውን ነው።

የሚሠራው ይህ ነው። ፍሬ የያዘ አንድ የቲማቲም እግር በዚህ ወር በቀን 2 ሊትር ያህል ይፈልጋል። በዋልካ ላይ ይህን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማፍሰስ በየሁለት ቀኑ 4 ሊትር ቀስ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ሥሩም ይከተለዋል። ያጡበት ቀን ካለ በሚቀጥለው ቀን እጥፍ አያድርጉት፤ ከድርቀት በኋላ በአንዴ የጠገበ ቲማቲም ትከሻው ይሰነጠቃል። የጠቆሩትን ፍሬዎች ለቅመው ይጣሉ። ውሃው በተስተካከለ በሦስት ሳምንት ውስጥ አዲስ የሚያዘው ፍሬ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ሁለት ነገር እንጨምር። ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ፣ አበባው ሲፈካ፣ የታሰረበትን እንጨት በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት። ቲማቲም ራሱን በራሱ የሚያዳብር ተክል ነው፤ የሚያስፈልገው ዱቄቱን የሚያራግፍለት ንዝረት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ «ፍሬው ፀሐይ ያግኝ» ብለው ቅጠሉን የሚነቅሉ ሰዎች አሉ። እባክዎ አይንቀሉ። ከመጀመሪያው የፍሬ ዘለላ በታች ያለውን ቅጠል ብቻ ያንሱ፤ የላዩ ቅጠል የፍሬው ጥላ ነው። ጥላው የተገፈፈ ፍሬ በምዕራብ በኩል ነጣ ብሎ ይቀቀልና ይበሰብሳል።

«ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ከቤቱ ተርፎ ለጓሮ የማገኘው በቀን ሦስት ጀሪካን ነው። መሬቴ ወደ 20 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሁሉንም ማልማት እችላለሁ? የዕቃ ማጠቢያ ውሃስ ይሆናል?» (ከሳሙና በር)

ሁሉንም አይችሉም፤ ግማሹን ግን በደንብ ይችላሉ። ሦስት ጀሪካን 60 ሊትር ነው። በዚህ ወር ቅጠሉ የተንሰራፋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ5 እስከ 6 ሊትር ይጠጣል። ስለዚህ የእርስዎ ውሃ የ10 ካሬ ሜትር ውሃ ነው፤ ጉዝጓዝ ካነጠፉ 12 ወይም 13 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሃያውንም በግማሽ ጥም ማቆየት የሚያስገኘው መራራ ሰላጣ፣ እንጨት የሆነ ካሮትና ፍሬ የሚጥል ቃሪያ ነው። የቀረውን መሬት ጭድ አልብሰው እስከ ሰኔ ያሳርፉት፤ ለዝናቡ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ጉዝጓዝ ሲባል ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጤፍ ጭድ፣ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ነው። ከዚያ ከሳሳ ፀሐዩ ያልፈዋል፤ ከዚያ ከወፈረ ደግሞ ያጠጡት ውሃ ጭዱ ላይ ይቀራል። ከግንዱ አራት ጣት ያህል ያርቁት፤ ግንድ የነካ ጭድ ምስጥ ይጠራል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይጠቀሙ፤ ሲበሰብስ የሚለቀው ነገር ለጋ ችግኝን ያቀጭጫል።

የማጠጫው ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ነው። ፈረቃው ማታ ብቻ ከሆነ ከ11 ሰዓት በኋላ ያጠጡ፤ ቅጠሉን ሳይነኩ ሥሩ ላይ ብቻ። በርሜል ካለዎት የመጣ ቀን ይሙሉት። መክደኛው ግጥም ይበል፤ ክፍት በርሜል ትንኝ ይፈለፍላል።

ለእርስዎ ዓይነት ጓሮ ከሁሉ አብልጠን የምንመክረው ግን የሸክላ ማሰሮ ነው። በብዙ ቤት የሃይላንድ ጠርሙስ በምስማር ተበስቶ ይቀበራል፤ ቀዳዳው ወይ በጭቃ ይደፈናል ወይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ያፈሰዋል። ማሰሮ ግን ውሃውን በገላው በኩል የሚያወጣው አፈሩ ሲደርቅ ነው፤ አፈሩ ሲጠግብ ያቆማል። ከ5 እስከ 7 ሊትር የሚይዝ ማሰሮ ይግዙ፤ ከወለቃም ሆነ ከቅዳሜ ገበያ ሲገዙ ዋናው ጉዳይ ያልተሟሸ መሆኑ ነው። ዘይት የጠጣ ወይም በጭስ የጠቆረ ማሰሮ ለወጥ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ቤት ሲደርሱ ውሃ ሞልተው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። በማግስቱ የውጭ ገላው ወዝቶ እጅ የሚያርስ ከሆነ ይሠራል፤ ደረቅ ከሆነ ይመልሱት።

ከዚያ አፉ ብቻ ከአፈሩ በላይ ሦስት ጣት ያህል እንዲታይ አድርገው ይቅበሩት። ዙሪያውን በዋልካ ሳይሆን በብስባሽና በአሸዋ ድብልቅ ይሙሉት፤ ዋልካ ሲደርቅ እየተኮማተረ ማሰሮውን ይሰነጥቀዋል። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ይክደኑ። ቃሪያ፣ ቆስጣ ወይም ቲማቲም ከማሰሮው ጠርዝ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ዙሪያውን ይትከሉ፤ አንድ ማሰሮ ለአራት እግር ይበቃል። በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይሞሉታል። ሙሉ በሙሉ ደርቆ አይቆይ፤ የደረቀ ማሰሮ በአፈር ጨው ይደፈናል። ችግኙ ሥር እስኪሰድ ድረስ የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት ከላይም ማጠጣትዎን አይርሱ፤ ብዙ ሰው «ማሰሮው አልሠራም» የሚለው ይህን ሲዘለው ነው።

የዕቃ ማጠቢያ ውሃን በተመለከተ፣ የአትክልትና የእህል እጣቢ የትም ይሆናል። ሳሙና የነካውን ለፍራፍሬ ዛፍ ብቻ ያድርጉት፤ እሱንም ከንጹሕ ውሃ ጋር እያፈራረቁ። የኦሞና የበረኪና ውሃ ግን ጓሮው አይግባ። የኦሞ ሶዲየም ዋልካን የባሰ ያጣብቀዋል፤ በረኪና ደግሞ ሥር ያቃጥላል። ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ካሮት ደግሞ የትኛውንም እጣቢ አይጠቀሙ።

«አፈራችን ዋልካ ነው። ከመድረቁ የተነሣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቶበታል። ውሃ ባፈስ ባፈስ ይጠፋል፤ ጎመኑ ግን ይጠወልጋል።» (ከጠዳ)

ውሃው በስንጥቁ በኩል ከሥሩ በታች ወርዶ እየቀረ ነው። ስንጥቁ ሲከፈትም ሥሩን በጥሶታል፤ ጎመኑ ውሃ እያለ የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስንጥቆቹን በደቀቀ ብስባሽ ወይም በላላ አፈር ይሙሏቸው። ከዚያ በአንድ ቀን ብዙ ከማፍሰስ ለሦስት ተከታታይ ቀናት በየጠዋቱ ለካሬ ሜትር 3 ሊትር ያህል በቀዳዳ ጣሳ ያርከፍክፉ። ዋልካ ቀስ ብሎ ውሃ ሲጠጣ ያብጣልና አፉን ራሱ ይዘጋል። በአራተኛው ቀን ጉዝጓዙን ያልብሱትና ወደ ተለመደው መጠን ይመለሱ። ከዚያ በኋላ አንዴም ቢሆን እስኪሰነጠቅ አይተዉት።

በእርጥቡ አይቆፍሩት፤ ጡብ ይሆናል። በደረቁም አይሆንም። አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረካከስ ከሆነ ያ ቀኑ ነው። አሸዋ የሚቀላቅሉ ሰዎች አሉ፤ ጥቂት አሸዋ ዋልካን አያላላም፣ ለውጥ ለማምጣት የሚያስፈልገው ብዛት ደግሞ ለጓሮ የሚቻል አይደለም። በየዓመቱ ለካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ኪሎ የበሰለ ብስባሽ መጨመር ግን ይለውጠዋል፤ ልዩነቱ በሁለተኛው ዓመት በእጅ ይታወቃል። መደቡን አሁኑኑ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ቢሠሩት ደግሞ የሐምሌ ውሃ አይተኛበትም።

«የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ግቢው ሲሚንቶ ነው። በማዳበሪያ ከረጢትና በባልዲ ሰላጣና ቲማቲም ሞከርኩ። ሰላጣው ረዝሞ አበበና መረረ፤ ቲማቲሙ ቀትር ላይ ሁልጊዜ ይጠወልጋል። ጥላ ለመሥራት አስቤያለሁ፤ በየት በኩል ይሁን?» (ከማራኪ)

ጥላው ከላይና ከምዕራብ በኩል ይሁን። ይህ ለጎንደር የተለየ ጉዳይ ነው። ሚያዝያ 15 አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይ በከተማችን ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ቀትሯ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ስለዚህ በጥር ጥላ ይሰጥ የነበረው የደቡብ ግንብ አሁን ጥላው እግሩ ሥር ብቻ ነው። አራት እንጨት አቁመው ከአትክልቱ አናት አንድ ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ሸንበቆ ወይም የማሽላ አገዳ ይደርድሩ፤ በመካከሉ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዉ፣ ግማሹ ብርሃን ይለፍ። ፕላስቲክ ሸራ አይወጥሩ፤ ሙቀት አምቆ ይይዛል። በምዕራብ በኩል አንድ ጆንያ ቢያወርዱ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ክፉ ፀሐይ ይመክታል። ቃሪያና ቲማቲም ከዚህ የበለጠ ጥላ አይፈልጉም፤ ያለ ብርሃን አያፈሩም።

ሲሚንቶው ራሱ ምድጃ ነው። ባልዲዎቹን በጡብ ወይም በጣውላ ላይ ከፍ ያድርጓቸው። ጥቁር ባልዲ ከሆነ በነጭ ከረጢት ይጠቅልሉት፤ ፀሐይ የሚመታው የባልዲ ጎን ሥሩን ያበስለዋል። ለአንድ የቲማቲም እግር ከ20 ሊትር ያነሰ ዕቃ አይበቃም። ታቹን አምስት ስድስት ቦታ ይብሱት። አፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን። በባልዲ ያለ ቲማቲም በዚህ ወር በየቀኑ፣ አንዳንድ ቀን ጠዋትና ማታ፣ ይጠጣል። ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ የሚቀና ከሆነ ግን አይደንግጡ፤ ጠዋት ላይም ጠውልጎ ካገኙት ነው የተጠማው።

ሰላጣው ሙቀትና ረጅም ቀን ሲሰማው ማበብ ተፈጥሮው ነው፤ አንዴ መሃሉ መርዘም ከጀመረ አይመለስም። አሁን የሚዘሩት ከሆነ ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው የውሃ ገንቦ አጠገብ አንድ ቀን ያሳድሩት፤ የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ28 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ተኝቶ ይቀራል። ራስ እስኪቋጥር ሳይጠብቁም በ40 ቀኑ ከውጭ በኩል ቅጠል ቅጠሉን ይቁረጡ። ከዚህ ሁሉ ግን በዚህ ወር ቆስጣ ቢዘሩ ደስ ይለናል፤ ሙቀቱን ይችላል፣ ሲቆርጡት ይተካል፣ ለባልዲም ይመቻል።

«የቦሎቄውና የቲማቲሙ ቅጠል በነጠብጣብ ነጣ፣ ከዚያ ነሐስ መስሎ ደረቀ። ከሥሩ ድር አለው። ገበያ ላይ በሃይላንድ የሚሸጥ መድኃኒት ገዝቼ ሁለቴ ረጨሁ፤ ባሰበት።» (ከአውቶ ፓርኮ)

ቀይ ሸረሪት የሚሉት ተባይ ነው። ለማረጋገጥ ቅጠሉን በነጭ ወረቀት ላይ ያራግፉትና ጥቂት ይጠብቁ። ከበርበሬ ብናኝ የማይበልጡ ነጥቦች መራመድ ከጀመሩ እሱ ነው። ደረቅ አየርና አቧራ ይወዳል፤ በሙቀት ጊዜ እንቁላሉ በአራት አምስት ቀን ይፈለፈላል።

የባሰበት በመድኃኒቱ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን። ለትል የሚረጩት ብዙዎቹ ኬሚካሎች፣ በተለይ ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያለባቸው፣ ቀይ ሸረሪትን ሳይሆን እሱን የሚበሉለትን ነፍሳት ነው የሚጨርሱት። ጠላቱን ካጠፉለት በሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ከዚህም በላይ የሚያሳስበን ጠርሙሱ ነው። ስያሜ የሌለው መድኃኒት ምን እንደሆነ፣ ስንት ሊትር ውሃ ውስጥ እንደሚገባ፣ ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ የሚታወቅበት መንገድ የለም። የውሃ ጠርሙስ ውስጥ መሆኑ ደግሞ ለልጆች አደጋ ነው። የቀረውን አይጠቀሙበት፣ ቦይም ሆነ ጉድጓድ ውስጥ አይድፉት፤ ቆልፈው ያስቀምጡና የግብርና ባለሙያ ያማክሩ። ሁለት ጊዜ የተረጨውን ቦሎቄና ቲማቲም፣ አሁን ያለውን ፍሬ፣ እንዳይበሉት እንመክራለን።

ለተባዩ ደግሞ በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች ቆርጠው ያቃጥሉ። ለአንድ ሳምንት በየሁለት ቀኑ ማለዳ የቅጠሉን ሥር በኃይለኛ ውሃ ይጠቡት፤ ከላይ ማጠብ ምንም አያደርግም። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጠው ማታ 11 ሰዓት ላይ የቅጠሉ ሥር እስኪንጠባጠብ ይርጩ። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ እንቁላሉን አይነካም። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ይድገሙት፣ በአሥረኛውም ይሠልሱት። በፀሐይ ከረጩት ቅጠሉን ራሱ ያቃጥለዋል። ኦሞ አይሆንም።

«ከሁለት ዓመት በፊት የተከልኩት የተዳቀለ አቮካዶ የቅጠሉ ጠርዝ በየበጋው ይቃጠላል፤ ግንዱም በአንድ ጎን ተላጠ። ሌላ ሁለት እግር መትከል እፈልጋለሁ፤ አሁን ልትከል?» (ከቆላ ድባ)

አሁን አይትከሉ፤ ጉድጓዱን ግን አሁን ይቆፍሩ።

የተላጠው ግንድ የምዕራቡ ጎን መሆኑን እርግጠኞች ነን ማለት ይቻላል። የአቮካዶ ልጅ ቆዳ ስስ ነው፤ ቅጠሉ ግንዱን እስኪያጠላለት ድረስ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ይቀቅለዋል። ኖራ በውሃ በጥብጠው እንደ ቀለም ወፈር ሲል ግንዱንና ፀሐይ የሚያገኛቸውን ቅርንጫፎች ነጭ ይቀቧቸው፤ ዝናብ ካጠበው ይድገሙ። የቅጠሉ ጠርዝ መቃጠል የጥምና የደረቅ ነፋስ ምልክት ነው። የሁለት ዓመት ዛፍ በዚህ ወር በሳምንት ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ ይፈልጋል። ውሃውን ግንዱ ሥር አያፍስሱ፤ የሚጠጡት የሥር ጫፎች ያሉት ከቅርንጫፎቹ ጫፍ በታች ነውና ዙሪያውን ቦይ ይሥሩለት። ጉዝጓዙ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ። ከሥሩ አጠገብ ምንም አይኮትኩቱ፤ የአቮካዶ ሥር አፈሩ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው።

ለአዲሶቹ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው፣ የላዩንና የታችኛውን አፈር ለየብቻ ከምረው ፀሐይ ያግኘው። የሚተከሉት ዝናቡ ሲደላደል፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ደንቢያ ሜዳው ዋልካ ስለሆነ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በዋልካ የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል፤ አቮካዶ ደግሞ ሥሩ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቀን ከቆየ በሥር አበስባሽ በሽታ ይሞታል። መሬትዎ ውሃ የሚተኛበት ከሆነ ጉድጓዱን ይተዉና ግማሽ ሜትር ከፍታ፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጉብታ ሠርተው አናቱ ላይ ይትከሉ። የተዳቀለበት ቦታ ከአፈሩ በላይ ይቅር፤ ከዚያ በታች የሚወጣውን እንቡጥ ሁሉ በጣት ይቀንጥሱ፤ ካደገ የተዳቀለውን ይውጠዋል።

«ማንጎዬ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አንድም ፍሬ አልሰጠም። ምን ልጨምርለት?» (ከፒያሳ)

የሚጨመር ነገር የለም። ማንጎ የቆላ ዛፍ ነው፤ በዚህ ከፍታ ቅጠሉ ቢያምርም ሌሊቱ ለአበባው ይበርድበታል። ጥላውን ከወደዱት ያቆዩት፤ ፍሬ ከፈለጉ ግን ለዚህች ከተማ ኮክ፣ አቮካዶ፣ ዘይቱንና ሎሚ አሉ።

«ኮካችን ሲበስል ሁሌ ትል ይዞ ይገኛል።» (ከፒያሳ)

የፍራፍሬ ዝንብ ናት፤ ፍሬው መለስለስ ሲጀምር ቆዳውን ወግታ እንቁላሏን ትጥላለች። ትሉ ከገባ በኋላ ምንም አይረዳም። ፍሬው ገና ጠንካራ ሳለ በጋዜጣ ከረጢት አንድ በአንድ ይጠቅልሉት፤ ለአንድ የጓሮ ዛፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የወደቀውን በየቀኑ ልቀሙ። መሬት ላይ የቀረ ፍሬ ውስጥ ያለው ትል አፈር ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። የለቀሙትን በፕላስቲክ አጥብቀው አስረው ለሳምንት ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አይጣሉት። ጎረቤትም ኮክ ካለው አብራችሁ ብታደርጉት ነው የሚሠራው።

«በዚህ ሙቀት አሁን የሚዘራ ነገር አለ? ቲማቲም ችግኝ ገበያ ላይ አይቻለሁ።» (ከማራኪ)

የቲማቲሙን ችግኝ አይግዙ። አሁን ቢተከል የሚያፈራው ሐምሌ ነው፤ የክረምቱ እርጥበት ቅጠሉንና ፍሬውን በአንድ ሳምንት ያጠቁረዋል። የቲማቲም ጊዜ ጥር ላይ አፍልቶ የካቲት መትከል ነው።

የዚህ ወር ሥራ የቃሪያና የበርበሬ ችግኝ ማፍላት ነው፤ ማረቆ ፋና የሚባለው የበርበሬ ዝርያ በብዙ ቦታ ይገኛል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መደብ አለስልሰው፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት መስመር አውጥተው ዘሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዝሩ፤ ከዚያ በጥልቀት ከተዘራ አይወጣም። ስስ ሣር አልብሰው ጠዋትና ማታ ያርከፍክፉ። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ሲል ሣሩን በዚያኑ ቀን ማታ ያንሱ፤ ሁለት ቀን ከዘገየ ችግኙ ነጭና ቀጭን ሆኖ ይወድቃል። በምትኩ አንድ ሜትር ከፍ ያለ ጥላ ይሥሩለት። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በመካከላቸው 3 ሴንቲ ሜትር እየተዉ ያሳሱት።

ከመትከልዎ 10 ቀን በፊት ጥላውን ቀስ በቀስ ያንሱ፤ ውሃውንም ይቀንሱ። በ50 ቀኑ ግድም ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሰኔ ይሆናል። ደመናማ ቀን መርጠው፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ፣ በመስመር መካከል 70፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር አራርቀው ይትከሉ። ከመንቀልዎ ሁለት ሰዓት በፊት መደቡን ያርሱት፤ ሥሩ አፈር ይዞ ይውጣ።